ያለምዘውድ ያላተመችው ማልያ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት፣ ያለምዘውድ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሥራዋ ማልያና ቲሸርት ላይ ስም፣ ቁጥርና ጽሑፍ ማተም ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ፣ ሚዜዎች አንድ ዓይነት መልበስ ሲያምራቸው፣ ማኅበር ዓመቱን ሲያከብር ሰው እሷ ዘንድ ይመጣል። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ልጇ ባሕር ዳር ትማራለች። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ የእሷ ድምፅ ግን በተናደደች ቁጥር ዝቅ እያለ ይሄዳል። የሚያውቋት ሰዎች ድምፅዋ ሲቀንስ ሰበብ ፈልገው ይነሣሉ።

ኳስ መውደድ የጀመረችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ከደብረ ኤልያስ ገጠር መጥታ፣ ክፍል ተከራይታ ስትማር፣ ከግቢው ቀጥሎ ጨዋታ የሚያሳይ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ሴት አትግባ የሚል ሕግ አልነበረም፤ ብቻ አንዲትም ሴት ገብታ አታውቅም። እሷ ገባች። መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ «ሴት አለች፣ አፋችሁን ሰብስቡ» ተባባሉ። በሦስተኛው ወር «ኦፍሳይድ ነው፣ አይደለም» ብለው ሲጣሉ ዞር ብለው እሷን መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ የያዘችውን አረንጓዴ ለባሽ የእንግሊዝ ቡድን እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ቡድኑ ደጋፊውን ማስለቀስ የሚችልበት ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ታረቀ ከሚባል የባንክ ሠራተኛ ጋር ሆና ቴሌግራም ላይ የደጋፊዎች ግሩፕ ከፈተች። ስሙን «አረንጓዴዎች ዘማርቆስ» አሉት። ከአማኑኤልም፣ ከደብረ ኤልያስም፣ አዲስ አበባ ከሄዱት ልጆችም እየተጨመረ አራት ሺህ አለፈ። ኢንተርኔት ለወራት በጠፋ ጊዜ ግሩፑ እንደ ሞተ ሰው ዝም ብሎ ከረመ፤ በተለቀቀ ቀን ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለጻፈ ስልኳ እስኪሞቅ ድረስ ጮኸ። ያን ቀን ደስ ብሏት አልቅሳለች። ማን በሕይወት እንዳለ ያወቀችው በዚያ ግሩፕ ነውና።

ነገሩ የጀመረው እድላዊት በምትባል ልጅ ጽሑፍ ነው። እድላዊት ከሐዋሳ መጥታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ የምታስተምር፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ለቡድኑ ከያለምዘውድ የማታንስ ደጋፊ ናት። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«የቡድናችን አዲሱ ስፖንሰር ጋዛን ለሚደበድበው ጦር ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። የእስራኤል ሰላማዊ ሰዎች የተገደሉና የታገቱ ቀን ተቆጥቻለሁ። ዛሬ ደግሞ የእስራኤል መንግሥት መጠለያና ሆስፒታል ሲመታ፣ እህልና ውኃ ሲከለክል እቆጣለሁ። የዚህ ኩባንያ ስም ማልያችን ደረት ላይ መኖር የለበትም። ለቡድኑ ደብዳቤ እንጻፍ። የምትስማሙ ስማችሁን ከሥር አስቀምጡ።»

ከሥር ብዙ ሰው ስሙን አስቀመጠ። አንዱ ግን «ያኔ አውሮፓ ውስጥ የጀመሩትን ጨርሰውት ቢሆን ዛሬ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብሎ ጻፈ። እድላዊት ራሷ ወዲያው መለሰችለት፦ «ስምህን ከደብዳቤዬ ላይ አንሣ። እኔ ግድያ ይቁም አልኩ እንጂ ሌላ ግድያ ይጨመር አላልኩም።»

በዚህ መሐል የመሪጌታ ተስፋዓለም ድምፅ መጣ። መሪጌታ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያስተምሩ፣ መጻፍ ስለሚሰለቻቸው ሁልጊዜ በድምፅ የሚልኩ፣ ኳስ ሲያዩ ግን እንደ ሕፃን የሚዘሉ ሰው ናቸው። «ይህች ልጅ በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ አፏን ከፍታለች። የአይሁድ ጠላት ናት። ይሰረዝልን» አሉ። እሳቸውን ተከትሎ ሃያ ሰላሳ ሰው «ይሰረዝ» አለ።

ታረቀ ደወለ። «ያለም፣ መሪጌታን ብናስቀይም ግማሹ ሰው ይሄዳል። ፖለቲካ የሚባል ነገር እንዝጋና እንገላገል።»

ያለምዘውድ ተስማማች። የእድላዊትን ጽሑፍ፣ ከሥሩ ያለውን የስም ዝርዝር፣ የዚያን ባለጌ አስተያየትና የእድላዊትን መልስ፣ ሁሉንም እንደ አንድ ቆሻሻ ጠርጋ አወጣች። «ይህ ግሩፕ የኳስ ነው። ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያም ለጠፈች። እድላዊት በግል «ለምን?» ብላ ላከችላት። «ለሁላችንም ሰላም ብዬ ነው» አለቻት። ለራሷም ብልህ ሥራ የሠራች መሰላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡድኑ በዋንጫ ጨዋታ ተሸነፈ። የተሸነፈው በራሱ ተከላካይ እግር ነው። ሳም ሮዘን የሚባል፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ሎንዶን ተወልዶ ሎንዶን ያደገ ልጅ፣ ኳሷን ለበረኛው እመልሳለሁ ብሎ መረብ ውስጥ ከተታት። ቤተሰቡ አይሁድ መሆናቸውን ሰው የሚያውቀው ልጁ አንድ ጊዜ ስለ አያቱ ቃለ መጠይቅ ላይ ስላወራ ነው።

ግሩፑ ነደደ። መጀመሪያ የመጣው ስድብ ተከላካይ ሁሉ የሚሰደበው ዓይነት ነበር፦ «እግሩ እንጨት ነው»፣ «አሰልጣኙ ዓይኑን ይታይ»። ቀጥሎ አንዱ «ገንዘብ አሳይተውት ነው፤ ጌታንም በገንዘብ ነው የሸጡት» አለ። ያለምዘውድ በንዴትዋ ላይ ነበረችና ይህቺን ስታይ የሳቅ ምልክት አደረገችባት። አዎ፣ እሷ ራሷ። ይህን በኋላ ስታስታውስ ጣቷን መቁረጥ ያምራት ነበር።

ከዚያ በኋላ በር እንደ ተከፈተ ሆነ። ፍሥሐ የሚባል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ፎቶ ቆራርጦ መቀጠል የሚችልና የግሩፑ ቀልደኛ ተብሎ የሚወደድ ልጅ የሮዘንን ፊት አፍንጫውን ጎትቶ፣ ቀንድ አውጥቶለት፣ በእጁ የሳንቲም ከረጢት አስይዞ ለጠፈው። አራት መቶ ሰው ሳቀ። በማግስቱ ሌላ ፎቶ ላከ፤ ከልጁ አፍ ደም ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን «ዳኞቹንም፣ ሚዲያውንም፣ ባንኩንም የያዙት እነሱ ናቸው» የሚል ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። ማንም «ይሰረዝ» አላለም። ታረቀም አልደወለም። ፖለቲካ ስላልሆነ፣ ቀልድ ስለሆነ፣ ሁሉም ባለበት ቆየ።

እድላዊት ሱቋ ድረስ መጣች። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«ያለምዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእኔን ሰረዝሽው። ይኼን ተውሽው። ልዩነቱን አስረጅኝ።»

«ያንቺ ፖለቲካ ነበር፤ ሰው አጣላ። ይኼ የተናደደ ደጋፊ ቀልድ ነው። ነገ ሲያሸንፉ ይረሱታል።»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ጦርነቱ።»

«ማንን ወቀስኩ?»

«መንግሥታቸውን… ያንን ኩባንያ።»

«ፍሥሐስ ማንን ነው የሰደበው?»

ያለምዘውድ በሙቀት የሚያትመውን ማሽኗን ማጽዳት ጀመረች። ማሽኑ ንጹሕ ነበር።

«ለእኔ ጸረ አይሁድ የሚል ስም ሰጥታችሁ ጽሑፌን ሰረዛችሁ» አለች እድላዊት። «እውነተኛው ጸረ አይሁድ ሲመጣ ደግሞ አጨበጨባችሁለት። ይኼ የሚያናድደኝ ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ነገ ስለዚያ ጦርነት እውነት ብናገር ሰው እኔንና ፍሥሐን አንድ አድርጎ ነው የሚያየን። እሱ ነው ቃሌን ያረከሰብኝ።» ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ለጓደኞቼና ለእኔ አምስት ቲሸርት አትሚልኝ። ‹ቦምቡ ይቁም፣ ሕፃናት ይኑሩ› ይላል። ካልፈለግሽ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።»

«ተይው፣ አትምልሻለሁ» አለች ያለምዘውድ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያን ቀን የተናደደችው በማን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም ነበር።

ፍሥሐ የመጣው በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ነው። ግሩፑ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይሰበሰባል፤ ደም ይለግሳሉ፣ ከዚያ ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። ማልያው የሚታተመው ሁልጊዜ እሷ ዘንድ ነው።

«እትዬ ያለም፣ ዘንድሮ ስልሳ ማልያ ነው። ጀርባው ላይ ይቺ ትወጣለች» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ቀንድ ያለው፣ ደም የሚንጠባጠበው ሮዘን ነበር። ከሥሩ «ጌታን ሰቃዩ ከቡድናችን ይውጣ!» ይላል።

አየችውና ስልኩን መለሰችለት። «ይኼን አላትምም።»

«ጥራቱ አነሰ እንዴ? ከፍ ያለውን እልክልሻለሁ።»

«ጥራቱ አይደለም። ልጁ በራሱ ላይ ጎል አገባ እንጂ የሰው ደም ጠጣ እንዴ?»

ፍሥሐ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ በቤተሰብ መሐል የሚሳቅ ዓይነት ነበር። «ባክሽ አታካብጂው። የነሱ ነገር የታወቀ ነው። እኛስ አገር የነበሩትን አታስታውሺም? እነዚያ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ቀጥቃጮቹ። አያቴ ዘራቸው ከዚያው ከአይሁድ ነው ትለን ነበር። ቀን ሸክላ ሲያበጁ ይውላሉ፣ ሲመሽ ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ። የፈረንጆቹ ደግሞ ባንክ ከፍተው ዓለሙን ይበላሉ። ልዩነታቸው ይኼው ነው!»

ያለምዘውድ ልጅነቷ ትዝ አላት።

ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ፅጌ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ የገንቦ አንገት ታበጃለች። የጎረቤት ልጅ ሆዱን ይዞ ይጮሃል፤ አባቱና አጎቶቹ ተሸክመውት መጡ፤ መንደሩ በሙሉ ተከትሏቸዋል። «አንቺ ነሽ የበላሽው! ልቀቂው! እንትፍ በይበት!» ፅጌ ጭቃ የለበሰ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ተነሣች፣ በሰው ሁሉ ፊት ልጁ ላይ እንትፍ አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት የልጁ በሽታ ወስፋት ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ግን አልነበረም። ፅጌ ተጠምቃለች፣ ትጾማለች፣ የኪዳነ ምሕረትን ቀን አታስታጉልም። አያቶቿ ከቤተ እስራኤል ይሁኑ አይሁኑ እሷም በትክክል አታውቅም። ለመንደሩ ግን ሸክላ መሥራቷ በቂ ነበር። ያለምዘውድ ወደ ከተማ ስትመጣ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ላላት ሁሉ «ነጋዴ ናት» እያለች ሃያ ሰባት ዓመት ኖረች።

ፍሥሐ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የእድላዊትን ቲሸርት አይቶ ተነሣ። «ቆይ ቆይ! ይኼስ? ‹ቦምቡ ይቁም›? ይኼ ፖለቲካ አይደለም? የሷን እያተምሽ የኔን እምቢ ትያለሽ?»

«እሷ አንድ መንግሥት የሚሠራውን ጠርታ ይቁም አለች» አለች ያለምዘውድ። ድምፅዋ ወርዶ ፍሥሐ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረበት። «ያ መንግሥት ነገ ቢያቆም የሷ ቲሸርት ሥራውን ጨረሰ። አንተ የሳልከው ልጅ ግን ምን ቢያደርግ ነው የምትተወው? አፍንጫውን ይቁረጠው? እናቱ ሆድ ተመልሶ ይግባ? የትኛውን ቤት በቦምብ መታ? የትኛውን ሕፃን እህል ከለከለ?»

«እስራኤልን መንካት አይቻልም በይኛ!»

«ንካ! ጦራቸውን ንካ፣ ሚኒስትሮቻቸውን ንካ፣ ሕጋቸውን ንካ። እኔም አብሬህ እነካለሁ፤ ያ ጦርነት አንጀቴን አቃጥሎታል። ሮዘንንም ንካ፤ ኳስ ሲመልስ ቀና ብሎ አያይም፣ ይህን እኔ ካንተ በፊት ብያለሁ። አንተ ግን የተናገርከው ስለ ጦርነትም ስለ ኳስም አይደለም፤ ስለ ደም ነው። ፍሥሐ፣ እዚህ አገር አንድ ባለሥልጣን ሲያጠፋ ዘሩን በሙሉ የሚረግሙ ሰዎች ሲመጡብህ ‹እኛ ምን አደረግን?› እያልክ ግሩፑ ውስጥ የምትጮኸው አንተ አይደለህም?»

ፍሥሐ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ነካሽ? ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ?»

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ደብረ ኤልያስ ገበያ ሄደህ ፅጌ ብትል ያሳዩሃል። እስከ ዛሬ ማንንም አልበላችም። አሁን ውጣልኝ።»

ወጣ። ያለምዘውድ የሱቁን በር በግማሽ ዘጋች፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አነሣች። ሁለት ጊዜ አጥፍታ ጻፈች።

«የእድላዊትን ጽሑፍ ሰርዤ ነበር። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እሷ ከፈለገች መልሳ ትለጥፈው። ሮዘን ላይ የተሠራውን ግን አልሰረዝኩም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ስቄበታለሁ። ይኼኛው ጥፋቴ ይብሳል። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም መንግሥት፣ የእስራኤልም ሆነ የእኛ፣ በሥራው ይወቀሳል፤ ለዚህ ተብሎ የሚባረር ሰው የለም። ተጫዋችም በጨዋታው ይሰደባል። አይሁድ ስለሆነ፣ ወይም ሌላ ምንም ስለሆነ የሚሰደብ ሰው ግን እዚህ አይኖርም። አፍንጫ፣ ቀንድ፣ ደም፣ ‹ዓለሙን ያዙት› የሚባለው ተረት ሁሉ ይሰረዛል፤ የለጠፈውም ይወጣል። ቀልድ ነው የሚለኝ ሰው እናቱ ደጃፍ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦባት ያየ ይሁንና ይምጣ።»

ፍሥሐን አስወጣችው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው።

ታረቀ ሳይውል ሳያድር ደወለ። «ሳታማክሪኝ! እኔም እኮ አስተዳዳሪ ነኝ!» እያለ ጮኸ። «ሰባት መቶ ሰው ወጥቷል! ለአንድ ፈረንጅ ብለሽ ነው?»

«ለእኔ ብዬ ነው» አለችና ዘጋችው። ታረቀ በዚያው ሳምንት አስተዳዳሪነቱን ተወ። ከግሩፑ ግን አልወጣም፤ ዝም ብሎ ያነባል።

ፍሥሐ የራሱን ግሩፕ ከፈተ። እዚያ «ያለምዘውድ በእስራኤል ገንዘብ ተገዝታለች» ተባለ። የምታትመው ቲሸርት «ቦምቡ ይቁም» እያለ! ቀጥሎ አንዱ ደብረ ኤልያስ ገበያ ሄዶ የፅጌን ፎቶ አነሣ፤ በገንቦና በጀበና መሐል ተቀምጣለች። ከሥሩ «የግሩፑ ባለቤት እናት ይቺውላችሁ፤ ተጠንቀቁ፣ እንዳትበሉ» ተባለ። ብዙ ሳቅ ተከተለው።

ነገሩ ስልክ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በየዓመቱ የሚያሳትማት አንድ ትምህርት ቤት «ለጊዜው ይቆየን» አላት። አንዲት የቆየች ደንበኛ ልጇን አዝላ ማልያ ልትወስድ መጣች፤ ያለምዘውድ እንደ ልማዷ «እንዴት አደግሽ እቴ!» ብላ ሕፃኗን ልታይ ስትጠጋ፣ ሴትየዋ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ሸፈነች። ፈገግ እያለች ነው የሸፈነችው። ያለምዘውድ ማልያውን ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ግን መቀሱን ወረወረችው። የተማረ ሰው፣ ስልክ የያዘ ሰው፣ ሎንዶን ያለ ልጅ በስንተኛው ደቂቃ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬም ሕፃን ከዓይኗ ይሸፍናል!

መንገዱ ክፍት በነበረበት ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ኤልያስ ሄደች። እናቷ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእሷ ብትሰማ ይሻላል ብላ ነው። ፅጌ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ሰውየው ገንቦ እገዛለሁ ብሎ ነው የመጣው» አለች። «ዙሪያዬን ሲዞር ቆይቶ ሳይገዛ ሄደ። ይኼን ያህል ካነሣኝ ምናለ ደህናውን ገንቦ ቢያሳይ፤ የተሰነጠቀውን ነው ያወጣብኝ።»

«እምዬ፣ የጻፉትን ላንብብልሽ?»

«አውቀዋለሁ፤ ሌላ ምን ያውቃሉ?» ስልኩን መለሰችላት። «የነሱንስ ለመድኩት። አንቺ ግን ስንት ዓመት ‹እናቴ ነጋዴ ናት› ስትይ ኖርሽ።»

ያለምዘውድ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ልጅሽ። ‹አያቴ፣ ምን እንደምትሸጪ እማዬ አትነግረኝም፤ ነጋዴ ናት ብቻ ትላለች› አለችኝ።» ፅጌ ጭቃዋን ማሸት ቀጠለች። አልተቆጣችም፤ ያለምዘውድ ብትቆጣት ትመርጥ ነበር። ወደ ማርቆስ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን እያየች አለቀሰች። ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር፤ ከንዴቱም ግማሹ በራሷ ላይ ነው።

መሪጌታ ተስፋዓለም በሳምንቱ ሱቋ መጡ። ተነሥታ በርጩማ ሰጠቻቸው።

«ያንን ሥዕል ልጆቹ አሳዩኝ» አሉ። «ደም የሚጠጣውን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይህን የሳለ ሰው እሑድ እሑድ የማንን ሥዕል ነው የሚሳለመው? ጌታም በሥጋው፣ እመቤታችንም፣ ሐዋርያቱም ከየትኛው ወገን መሰሉት? ሆዴ ተቃጠለ። ደህና አድርገሽ አስወጣሽው።»

«ይባርኩኝ፣ መሪጌታ። ግን እርስዎም እድላዊትን አስሰርዘዋታል።»

«እሷ ሌላ ናት። እሷ እስራኤልን ነቀፈች።»

«ነቢያቱ ነገሥታቱን ሲገሥጹ፣ ድሀ በደላችሁ፣ ንጹሕ ደም አፈሰሳችሁ ሲሏቸው የኖሩት ሕዝቡን ጠልተው ነው?»

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። «ወጥመዱን ከየት ተማርሽው?» አሉ። «አልጠሉም። እንዲያውም ስለወደዱ ነው የገሠጹት።» ደግሞ ቀጠሉ፦ «ልጅቷ ግን ነቢይ አይደለችም።»

«ጠላትም አይደለችም።»

«ጠላትስ አይደለችም» አሉ። ያን ቀን ማታ ግሩፑ ላይ በድምፅ ላኩ፦ «እድላዊትን የአይሁድ ጠላት ብያት ነበር፤ ቃሌን አንሥቻለሁ። በሐሳቧ ግን አልስማማም፤ ተራዬን ጠብቄ እሞግታታለሁ።»

ሰኔ ላይ ደጋፊው ተሰበሰበ። ከወትሮው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማልያው ላይ የግሩፑ ስም ብቻ ነበር። ፍሥሐና የእሱ ሰዎች ለብቻቸው ሌላ ሜዳ ተጫወቱ፤ ያንን ሥዕል ሌላ ከተማ ወስደው እንዳሳተሙት ሰማች። የሰማች ቀን ምሳ አልበላችም። ፍሥሐ ዛሬም በሱቋ ፊት ያልፋል፤ ሰላም አይባባሉም። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም እየጠበቀችው አይደለም።

ግሩፑን የመጠበቁ ሥራ ሰው እንደሚያስበው ቀላል አልሆነላትም። ፍሥሐን ማወቅ ቀላል ነበር። የሚያስቸግራት ልብስ ቀይሮ የሚመጣው ነው። በቅርቡ አንድ ሰው «አይሁድ አላልኩም፣ ጽዮናውያን ነው ያልኩት፤ ባንኩንና ሚዲያውን ሁሉ የያዙት እነሱ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከእድላዊት ጋር አንድ ሰዓት ተከራከሩበት። እድላዊት ቃሉን ብቻ አይተሽ አትሰርዢ፣ በዚያ ስም የሚጠራ የፖለቲካ ሐሳብ አለ፣ እሱን እኔም እነቅፋለሁ አለቻት። በመጨረሻ ያለምዘውድ ቃሉን አንሥታ «አይሁድ» የሚለውን ተክታ ጽሑፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። የፍሥሐ ጽሑፍ ሆኖ አረፈው። ሰረዘችው፤ ምክንያቱንም ጻፈች። ሰውየው ሰደባት።

ትናንት ከሰዓት መሪጌታና እድላዊት ሱቋ ውስጥ ተገናኙ። እሳቸው ያ አገር ጠላት ከቦታል፣ ራሱን መከላከሉን እንዴት ትነቅፊያለሽ አሉ። እሷ የተራበ ሕፃን ከየትኛው ጦር ጋር ነው የሚዋጋው አለቻቸው። እሳቸው የታገቱትን ረሳሽ አሉ፤ እሷ አልረሳሁም፣ ያኔ የጻፍኩትን ያንብቡ አለች። እሳቸው አላነብም፣ ዓይኔ ደክሟል፣ አንብቢልኝ አሉ። አነበበችላቸው። አሁንም አልተስማሙም። ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ስለነበር ሁለት የባጃጅ ነጂዎች በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ጀመር። ያለምዘውድ ጣልቃ አልገባችም፤ የምታትመው የማኅበር ቲሸርት ነበረባት። ብቻ አንድ ጊዜ «መሪጌታ፣ ከጠረጴዛው ላይ ክንድዎን ያንሡልኝ፣ ይግላል» አለችና ማሽኑን ቲሸርቱ ላይ ዘጋችው።